ጎማውን ተዉት፤ ገዳዩ ሌላ ነው

በዋሽንግተንና በቨርጂንያ ዙሪያ በምንኖር ሐበሾች መካከል ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው የሚከሱት ቅዳሜና እሑድ በትንንሽ አውሮፕላን፣ በተለይም ሦስተኛ ጎማቸው ከአፍንጫ ሥር ሳይሆን ከጭራ ሥር በሆነው የድሮ ዓይነት፣ ከጓደኛቸው ጋር እየበረሩ የሚዝናኑ ሰዎችን ነው። ባጭሩ የሚሉት እንዲህ ነው፦ የጭራ ጎማ ሰው ስለፈጀ ፋብሪካዎች ትተውታል፤ ጓደኛን አሳፍሮ መብረር ወሬና ጉራ ስለሚያመጣ አደጋ ይጠራል፤ አውቶፓይለት (አውሮፕላኑን በራሱ የሚያበር መሣሪያ) ባለበት ዘመን በእጅና በእግር የማብረር ችሎታ ከንቱ ነው፤ ነገሩ የሀብታም ፈረንጅ ጨዋታ እንጂ የእኛ አይደለም፤ ቤንዚኑም እርሳስ (ሌድ የሚባለው መርዛማ ብረት) አለበት። ማሳረጊያ ላይ ደግሞ "እምቢ ካላችሁ" ብለው ምክር ይለግሳሉ። ከጽሑፉ ሁሉ አደገኛው ያ ምክር ስለሆነ በኋላ እመጣበታለሁ።

እኔ ከተከሳሾቹ አንዱ ነኝ። የግል አብራሪነት ፈቃድ አለኝ፤ ከአንድ የቆየ ጓደኛዬ ጋርም ባለ ጭራ ጎማ አውሮፕላን እበርራለሁ። ስለዚህ ገለልተኛ ነኝ አልልም። ያናደደኝ ግን መዝናኛዬ መነቀፉ አይደለም። ጽሑፉ አደጋውን በሌለበት እየጠቆመ ያለበትን ቦታ ይሸፍናል። ቤተሰቦቻችን ይህን አንብበው "ጎማው የት ነው?" እያሉ ሲጨቀጭቁን "የዛሬው ደመና እንዴት ነው?" የሚለው ጥያቄ ከተረሳ፣ ጽሑፉ ጉዳት አድርሷል ማለት ነው።

በጎማው እንጀምር። ባለ ጭራ ጎማ አውሮፕላን መሬት ላይ አስቸጋሪ ነው ማለታቸው ልክ ነው፤ ምክንያቱን ግን አልነገሩንም። የአውሮፕላኑ የክብደት ማዕከል ከሁለቱ ዋና ጎማዎች በስተኋላ ነው። ጋሪን ከፊት ሆኖ የጎተተና ከኋላ ሆኖ የገፋ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል፤ የሚጎተተው ቢጣመም ራሱ ይቃናል፣ የሚገፋው ግን ትንሽ ከዞረ ይብስበታል። የአፍንጫ ጎማ ያለው አውሮፕላን ክብደቱ ከዋና ጎማዎቹ ቀድሞ ስለሚገኝ እንደሚጎተተው ነው። ባለ ጭራ ጎማው ግን አፍንጫው ጥቂት ወደ ግራ ከሸሸ ጭራው በቀኝ በኩል ሊቀድም ይጣደፋል። አብራሪው በእግሩ ወዲያው ካልያዘው አውሮፕላኑ ማኮብኮቢያው ላይ እንደ እንዝርት ይዞራል። አብራሪዎች ይህን ግራውንድ ሉፕ ይሉታል። ኢንሹራንሱ የሚወደደውም፣ ብዙ የበረራ ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያለውን አውሮፕላን ለብቻ ለሚበር ሰው የማያከራዩትም በዚህ የተነሳ ነው።

እዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር ተስማምተናል። ከዚያ ግን "አስቸጋሪ" ካሉት ተነስተው "ገዳይ" የሚለው ላይ ይዘልላሉ፤ በመካከሉ ያለውን አንድም ነገር አላዩትም። ግራውንድ ሉፕ ሲደርስ ምን ይሆናል? ብዙውን ጊዜ የክንፍ ጫፍ መሬት ይፍቃል፣ የጎማው እግር ይታጠፋል፤ ሲብስ ፕሮፔለሩ መሬት ይመታና ሞተሩ ተፈትቶ መመርመር አለበት። ኪስ ያራቁታል፤ በሜዳው ዳር ወንበር ይዘው የሚያዩ ሽማግሌ አብራሪዎች ካሉም ያሳፍራል። ሰው ግን እምብዛም አይሞትበትም። ፓይፐር ከብ የሚባለውን ቢጫ አውሮፕላን ብትወስዱ፣ ክንፉ መሸከም የሚያቆመው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። መሬት ነክቶ ሲዞር ፍጥነቱ በከተማ መንገድ ከሚሄድ መኪና አይበልጥም፤ የሚወድቅበት ከፍታም የለውም።

ታዲያ ሰው የሚሞተው የት ነው? በአሜሪካ የግልም ሆነ ሌላ ከአየር መንገዶች ውጭ ያለው የአነስተኛ አውሮፕላን በረራ ሁሉ ሲደመር በ100,000 የበረራ ሰዓት ውስጥ በግምት አንድ ሕይወት የሚያጠፋ አደጋ ይደርሳል። ከአየር መንገዶች ጋር ሲተያይ እጅግ ብዙ ነው፤ ማንም አሳንሶ እንዳይነግራችሁ። ከእነዚህ አደጋዎች ውስጥ ደጋግመው የሚታዩት ግን የታወቁ ናቸው። በዓይኑ እያየ ብቻ ለመብረር የተፈቀደለት ሰው ደመና ውስጥ ይገባል። ነዳጁን ሳይለካ ይነሳል። የዘመዱን ቤት ለማሳየት ዝቅ ብሎ ይዞራል። ወይም ለማረፍ የመጨረሻውን መዞሪያ ሲይዝ ክንፉ ይከዳዋል። አውሮፕላኑ በእነዚህ ሁሉ ላይ የአፍንጫ ጎማ ይኑረው የጭራ ጎማ ለውጥ የለውም። አየር ላይ ጎማ ሥራ ፈት ነው።

የመጨረሻዋን መዞሪያ ትንሽ ላብራራት፤ የሙግቴ እምብርት እሷ ነች። አብራሪው ለማረፍ ወደ ማኮብኮቢያው ሲዞር ነፋስ ይገፋውና መስመሩን ያልፋል። ለመመለስ ክንፉን ይበልጥ ማጋደል ያስፈራዋል፤ መሬቱ ቅርብ ነዋ። ስለዚህ በእግሩ የጭራውን መሪ የሚያዞረውን ፔዳል እየረገጠ አፍንጫውን ብቻ ይጎትታል፤ አፍንጫው ወደ ታች ሲል ደግሞ መሪውን ወደ ራሱ ይስባል። በዚያች ቅጽበት የውስጠኛው ክንፍ ቀድሞ መሸከም ያቆማል፤ አውሮፕላኑም ተገልብጦ ይሽከረከራል። ከፍታው ጥቂት መቶ ጫማ ብቻ ስለሆነ ለማዳን ቦታ የለም። የስህተቱ ሥር እግር ነው፤ ፔዳሉን ያለ ቦታው የረገጠ፣ ወይም ፔዳል መኖሩን የረሳ እግር። ባለ ጭራ ጎማ አውሮፕላን የሚያስተምረውም ከምንም በፊት እግርን ነው። ሲነሳ የሞተሩ ጉልበት አፍንጫውን ወደ ግራ ይጎትታል፤ ጭራው ከመሬት ሲነሳ እንደገና ይጎትታል፤ ሲያርፍ ነፋሱ ይገፋዋል። እግራችሁ ቀድሞ ካልነቃ ቀጥ ብላችሁ መሄድ አትችሉም። ይህን የተማረ ሁሉ ከአደጋ ይድናል አልልም፤ ጭራ ጎማ ላይ የሠለጠኑም ደመና ውስጥ ገብተው ሞተዋል። ጸሐፊው "ሰው ገዳይ" ያሉት ትምህርት ግን አንዱን እውነተኛ ገዳይ ለመከላከል የሚያሠለጥን መሆኑን ማንሳት ነበረባቸው።

"ፋብሪካዎች ትተውታል" ያሉት ደግሞ ግማሹ ታሪክ ነው፣ ግማሹ ስህተት። ሴስና የተባለው ፋብሪካ 170 የሚለውን ባለ ጭራ ጎማ አውሮፕላኑን የአፍንጫ ጎማ አድርጎለት እ.ኤ.አ. በ1956 ሴስና 172 ብሎ አወጣው፤ እንደ ጉድ ተሸጠ። ገዢው መኪና መንዳት የለመደ ሰው ነበር፤ ማኮብኮቢያውም እየተነጠፈ መጥቶ ነበር። ለዚያ ገበያ ቀላሉ ይሻላል፤ ተገቢም ነው። አላስካ ሄዳችሁ ግን ወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ የሚያርፈውን አውሮፕላን ብታዩ ብዙውን ጊዜ ባለ ጭራ ጎማ ነው። የአፍንጫ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ይሰበራል፤ ጭራው ላይ የተቀመጠ አውሮፕላን ግን ፕሮፔለሩን ከጠጠሩ አርቆ ይይዛል። ዛሬም አዲስ ይሠራል፦ ከብ ክራፍተርስ በዋሽንግተን ስቴት፣ አሜሪካን ቻምፒየን በዊስኮንሲን፣ ሀስኪ በዋዮሚንግ፣ ሞል በጆርጂያ። ማሳ ላይ መድኃኒት ለመርጨት ቴክሳስ ውስጥ የሚሠራው ኤር ትራክተርም ጭራው ላይ ነው የሚቀመጠው። የተተወ ነገር በአዲስ ቀለም ከፋብሪካ አይወጣም።

ወደ ጓደኛ ልምጣ። እዚህ ላይ ጸሐፊው የያዙት አንድ ቁም ነገር አለ፤ ግን ጠንካራውን ማስረጃ አላመጡም፣ ስለዚህ እኔ ላምጣላቸው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1974 የኢስተርን አየር መንገድ ዲሲ-9 አውሮፕላን ሰሜን ካሮላይና ሻርሎት ላይ ለማረፍ በጭጋግ ውስጥ ሲወርድ ከማኮብኮቢያው ሳይደርስ ወደቀ። ከ70 በላይ ሰዎች ሞቱ። ድምፅ መቅጃው ሲሰማ ሁለቱ አብራሪዎች ስለ ፖለቲካና ስለ አሮጌ መኪና ሲጨዋወቱ ነበር። ወሬ እንደሚገድል ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም። ታዲያ መፍትሔው ምን ሆነ? የአሜሪካ የበረራ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው ደንብ የአየር መንገድ አብራሪዎች ከ10,000 ጫማ በታች ከበረራው ጋር የማይገናኝ ወሬ እንዳያወሩ ከለከለ። ረዳት አብራሪውን ከኮክፒት (ከአብራሪዎቹ ክፍል) አውጡት ያለ ሰው አልነበረም! ጸሐፊው የሚነግሩን ግን ልክ ያንን ነው፤ ወሬውን ለማስቀረት ሰውየውን አስቀሩ።

ደንቡ እኛን የግል አብራሪዎችን አያስገድደንም። ሆኖም መዋስ ይቻላል፤ እኔና ጓደኛዬ ተውሰነዋል። ሞተሩ ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ ከሜዳው ርቀን ከፍታ እስክንይዝ፣ ስንመለስም ሜዳውን ካየንበት ጀምሮ ቆመን ሞተሩ እስኪጠፋ ድረስ ስለ ልጆች፣ ስለ ቤት ብድር፣ ስለ አገር ቤት ወሬ የለም። በመካከሉ ያለው ሰማይ ለጨዋታ ይበቃል። ለነገሩ እኛ በምንበርበት ከብ ውስጥ ብዙ ማውራትም አይቻልም። መስኮቱና በሩ በቀኝ በኩል ተከፍቶ የሚበርበት አውሮፕላን ነው፤ ባለ 65 የፈረስ ጉልበት ሞተሩም ጆሮ ሥር ነው የሚጮኸው። በጋ ላይ በሩ ተከፍቶ፣ ከሥር የበቆሎው ማሳና የቼሳፒክ ውኃ እየታየ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ ሰው ዝም ይላል፤ ደንብ ስላለ አይደለም።

ጸሐፊው ከብ እንዴት እንደሚነሳ ቢያውቁ ኖሮ ስለ ጓደኛ የጻፉትን አንቀጽ ደግመው ባሰቡበት ነበር። የመጀመሪያዎቹ ከቦች ባትሪም የኤሌክትሪክ ማስነሻም የላቸውም። አንድ ሰው ከፊት ቆሞ ፕሮፔለሩን በእጁ ይመታዋል፤ ሌላው ኮክፒት ውስጥ ተቀምጦ ፍሬኑን ረግጦ፣ ጋዙን ዝቅ አድርጎ፣ ማብሪያውን ይጠብቃል። "ጠፍቷል?" "ጠፍቷል!" ይባባላሉ፤ ቀጥሎ "ኮንታክት!" (ማብሪያው በርቷል) ይባላል፤ ሁለቱም ድምፅ ለድምፅ ካልተመላለሱ ማንም እጁን ወደ ፕሮፔለሩ አያስጠጋም። በዚህ ዓይነት አውሮፕላን ከታወቁት አሳዛኝ አደጋዎች አንዱ ብቻውን የሆነ ሰው ሞተር ሲያስነሳ የሚደርሰው ነው። ጎማው በድንጋይ ሳይያዝ፣ ጭራው በገመድ ሳይታሰር ሞተሩ ይነሳል፤ አውሮፕላኑ ሰው ሳይኖርበት ይንደረደራል፤ ባለቤቱ እየሮጠ ሊይዘው ይሞክራል። ጓደኛ እዚህ ቦታ ላይ የደኅንነት ዕቃ ነው ብል ደስ አይለውም፣ ግን ነው።

ሌላም አለ። ከብ ሁለቱን ሰዎች ፊትና ኋላ ነው የሚያስቀምጣቸው፤ ብቻውን የሚበር ሰው ሚዛኑ እንዲጠበቅ ከኋላ ይቀመጣል። ሁለት ሲሆኑ ከኋላ የተቀመጠው አብራሪ የሚያየው የጓደኛውን ማጅራት ነው። አፍንጫው መሬት ላይ ሽቅብ ስለሚቆም ፊት ለፊት ያለው አይታይም፤ ለዚህ ነው ሲሄድ ግራ ቀኝ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ የሚሄደው። የነዳጁ መለኪያም ቢሆን ከመስታወቱ ፊት ከጋን ክዳኑ ላይ የወጣች ሽቦ ነች፤ ከሥሯ ቡሽ ተንሳፍፏል፤ ቤንዚኑ ሲቀንስ ሽቦዋ ትወርዳለች። ጋኑ 45 ሊትር ገደማ ብቻ ይይዛል። እንዲህ ባለ አውሮፕላን ውስጥ ከፊት የተቀመጡ ሁለት ተጨማሪ ዓይኖች ዋጋቸው ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት ፈቃድ መያዝ አያስፈልግም። አመሻሽ ላይ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ የሣር ሜዳ ላይ ለማረፍ ዝቅ እያልኩ ሳለ ጓደኛዬ ከፊት "ድገም!" አለኝ። ጋዙን ሙሉ ሰጥቼ ተነሳሁ፤ ምክንያቱን የጠየቅሁት ከፍ ካልን በኋላ ነው። ከዛፎቹ ጥግ ሁለት አጋዘን ወጥተው ወደ ሣሩ እየሄዱ ነበር። የተስማማነው ቀደም ብሎ ነው፤ ከሁለታችን አንዱ "ድገም" ካለ ክርክር የለም፣ ጥያቄ የለም፣ ይደገማል። ክርክሩን ቡና ስንጠጣ እናደርገዋለን፤ ደግሞም እናደርገዋለን።

ስለ ጉራ ያሉት ግን ይገባኛል። ሰው አሳፍሮ መብረር የሚያመጣው እብሪት አለ፤ ሁለት ወንዶች ተያይዘው ሲበሩ ደግሞ ይብሳል። "ይቺ ነፋስ ምን አላት" የሚል ጓደኛ ካላችሁ አብራችሁት አትብረሩ። ይህ ስለ ጓደኛ ምርጫ የተሰጠ ምክር ነው፤ ጓደኝነትን ግን አይከስስም።

አውቶፓይለት አለ፣ የእጅ ሥራ ጊዜው አልፏል ለሚለው ሁለት በረራዎችን ብቻ ላስታውሳቸው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 23 ቀን 1983 የኤር ካናዳ 143ኛ በረራ፣ ያኔ አዲስ የነበረው ቦይንግ 767፣ ነዳጁ በመለኪያ ስህተት ተሳስቶ ተሞልቶለት ስለነበር በ41,000 ጫማ ላይ ሞተሮቹ ጠፉ። ካፒቴኑ የሞተር አልባ ተንሸራታች አውሮፕላን አብራሪም ነበር። ማኒቶባ ውስጥ ጊምሊ ወደተባለ የቀድሞ የጦር አየር ማረፊያ ሲቃረብ ከፍታው በዛበት፤ ያለ ሞተር ደግሞ ዞሮ መመለስ የለም። ያን ጊዜ ያን የሚያህል ጄት አንድ ክንፉን ዝቅ፣ አፍንጫውን በተቃራኒው እግር ጥምም አድርጎ በጎኑ አንሸራተተው፤ ፍጥነት ሳይጨምር ከፍታ ጣለ። ከ69ኙ ሰዎች ማንም አልሞተም። ይህ ስሊፕ የሚባለው ዘዴ ፍላፕ (ለማረፍ ከክንፉ ጀርባ ወደ ታች የሚታጠፍ ክፍል) ለሌለው ከብ የዘወትር እንጀራው ነው። ሁለተኛው የካቲት 2009 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በቡፋሎ ከተማ አቅራቢያ የወደቀው የኮልጋን አውሮፕላን ነው። ፍጥነቱ ሲወርድ ማስጠንቀቂያው ጮኸ፣ አውቶፓይለቱ ራሱን አላቀቀ፤ ካፒቴኑ መሪውን ወደ ፊት መግፋት ሲገባው ወደ ራሱ ሳበው። 50 ሰዎች ሞቱ። አውቶፓይለት ሲቸግረው ለሰው ነው የሚያስረክበው፤ የሚያስረክበውም በጥሩ ሰዓት አይደለም። ትንሽ አውሮፕላን ያበረረ ሁሉ እንደ ጊምሊው ካፒቴን ይሆናል ማለቴ ሳይሆን፣ "ከንቱ" የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ነው ያልገባኝ።

"የፈረንጅ ጨዋታ ነው፤ የእኛ አይደለም" የሚለው ከሁሉ ይልቅ አስገርሞኛል፤ ምክንያቱም በኢትዮጵያ ሰማይ መጀመሪያ የታዩት አውሮፕላኖች በሙሉ በጭራቸው የሚቀመጡ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1929 አዲስ አበባ ያረፈው ፖቴዝ 25 እንደዚያ ነው፤ ተከትሎት የመጣው ዩንከርስም እንደዚያው። የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች አስፋው አሊና ሚሽካ ባቢቼፍ በ1930 ገደማ ብቻቸውን መብረር ሲጀምሩ የአፍንጫ ጎማ ያለው አውሮፕላን በዓለም ላይ ብርቅ ነበር። በ1935 ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር አዲስ አበባ ላይ የሠራት፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመችው ባለ ሁለት ሰው አውሮፕላንስ? ጣልያን ወስዳት አሥርት ዓመታት በሙዚየም ካስቀመጠቻት በኋላ በጥር 2024 እ.ኤ.አ. ስትመለስ ሁላችንም ፎቶዋን ተቀባብለናል፤ ጸሐፊውም ሳይቀባበሉ አይቀሩም። ፎቶውን መልሰው ይዩት። አፍንጫዋ ሽቅብ፣ ጭራዋ ምድር ላይ ነው። ሁለት መቀመጫ ነው ያላት፤ አንዱ ለማን ይመስላቸዋል?

የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 1946 ከአዲስ አበባ በአሥመራ አድርጎ ካይሮ የገባበት ሲ-47 የተባለው አውሮፕላንም ባለ ጭራ ጎማ ነበር። ኋላም በ1980ዎቹ አየር መንገዱ አገር ውስጥ እየገጣጠመ "እሸት" ያላቸው የእርሻ መርጫ አግ-ካቶች እንዲሁ። የሲ-47ን ወንድም ዲሲ-3ን ቅርብ ሆኖ ማየት የፈለገ ሜሪላንድ ማሲ በሚባለው የሣር አየር ማረፊያ ቆሞ ያገኘዋል፤ ፓይፐር ከብን ማየት የፈለገ ደግሞ ዳለስ አየር ማረፊያ አጠገብ ባለው ኡድቫር-ሄዚ ማዕከል የተባለው የስሚዝሶኒያን የአውሮፕላን ሙዚየም ይሂድ። መግቢያው ነጻ ነው፤ ብሩን በመኪና ማቆሚያው ይቀበሏችኋል።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም። ርካሽ አይደለም። ከብ በሰዓት ከ15 እስከ 19 ሊትር ቤንዚን ነው የሚጠጣው፤ ዋና ወጪው ኢንሹራንስ፣ ጥገናና የመጠለያ ኪራይ ነው። ሕጉ የግል አብራሪ ከጓደኛው ጋር የነዳጅን፣ የዘይትን፣ የአየር ማረፊያ ክፍያንና የኪራይን ወጪ በድርሻ እንዲካፈል ይፈቅድለታል፤ ድርሻውን ለጓደኛው ጭኖ በነጻ መብረር ግን ክልክል ነው። ጸሐፊው "ይህ ገንዘብ አገር ቤት ቢላክ" ይላሉ። ሰባት መኪና ተከራይቶ ሠርግ ለሚደግሰው ዘመዳችን ይህን ሲጽፉ አላየሁም።

እርሳሱን በተመለከተ ልክ ናቸው፤ ሊከራከራቸው የሚችል ሰው የለም። 100 ሎው ሌድ የሚባለው የአውሮፕላን ቤንዚን ስሙ "ዝቅተኛ እርሳስ" ቢልም እርሳስ አለበት፤ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንም በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. ለጤና ጠንቅ መሆኑን በይፋ ወስኗል። በካሊፎርኒያ ያለው ሳንታ ክላራ ካውንቲ በራሱ አየር ማረፊያዎች መሸጡን ከ2022 መግቢያ ጀምሮ አቁሟል። የሚያስቀው ግን ጸሐፊው የናቁት አሮጌ ከብ እዚህ ላይ ከአዲሶቹ መሻሉ ነው። የዚያ ዘመን ሞተር ዝቅተኛ ኦክቴን (የቤንዚን ደረጃ) ስለሚበቃው፣ ተገቢው ፈቃድ ከተያዘለት ኤታኖል በሌለው የመኪና ቤንዚን ይበርራል።

አሁን ወደ ምክራቸው። "እምቢ ካላችሁ" ይላሉ፣ "ሕጉ የሰዓት ገደብ ስላላስቀመጠ ሁለት ሦስት ሰዓት ተማሩ፣ ከዚያ ጓደኛ ሳትጨምሩ ብቻችሁን ልምድ አካብቱ።" ሰዓት አልተጻፈም፤ ይህ እውነት ነው። የተጻፈው ግን ሥራው ነው። አሰልጣኙ በመዝገባችሁ ላይ ከመፈረሙ በፊት በተራ ነፋስና በጎን ነፋስ መነሳትና ማረፍን፣ ጭራውን ከፍ አድርጎ በሁለቱ ዋና ጎማዎች ማረፍን፣ ማረፉን ትቶ መልሶ መነሳትን መቻላችሁን ማረጋገጥ አለበት። ነፋስ በሌለበት ሦስት ሰዓት በርራችሁ የምታገኙት ፊርማ እንጂ እግር አይደለም። ሰው ለማሳፈርም ባለፉት 90 ቀናት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተነስታችሁ ማረፍ አለባችሁ፤ በባለ ጭራ ጎማ ደግሞ እያንዳንዱ ማረፍ ሙሉ በሙሉ በመቆም የሚያበቃ መሆን አለበት። ነክቶ መነሳት አይቆጠርም፤ ግራውንድ ሉፕ የሚመጣው አውሮፕላኑ ፍጥነቱን ሲያጣና መሪው ሲላላ፣ አብራሪውም "አረፍኩ" ብሎ ሲዘናጋ ነውና። አዲስ የሠለጠነን ሰው ያለ ማንም ዓይን፣ ፕሮፔለሩን ብቻውን እንዲመታ ወደ ሜዳ መላክ ደግሞ ጸሐፊው እንዳሉት ጥንቃቄ ሳይሆን ተቃራኒው ነው።

ልጃችሁ፣ ባላችሁ ወይም ሚስታችሁ ይህን ትምህርት ልጀምር ካሉ ስለ ጎማው አትጨቃጨቁ። አሰልጣኙን አብራችሁ ሂዱና ጠይቁ። የጎን ነፋስ ባለበት ቀን ያስተምራል ወይስ ቀጠሮ ይሰርዛል? በሁለቱ ጎማ ማረፍን ራሱ ያሳያል? ክንፉ መሸከም ሲያቆም ምን እንደሚሰማ ከፍታ ላይ ወጥቶ ደጋግሞ ያለማምዳል? ከዚያ የመጨረሻውን ጠይቁት፦ ነፋሱ ስንት ኖት (የፍጥነት መለኪያ ነው) ሲደርስ ነው አንተ ራስህ የማትነሳው? ቁጥር ከነገራችሁ ጥሩ ነው። "እንደ ሁኔታው" ካለና ሳቅ ካከለበት ሌላ አሰልጣኝ ፈልጉ።